ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ

እኔ «ደርሻለሁ» ስል ገና አንደኛውን እግር ካልሲ እየፈለግኩ ነው። የሚያውቁኝ ያውቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ወንጀል አይደለም። «የት ነህ?» ስንባል «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን፤ ጠያቂው ገና ከቤት እንዳልወጣን ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ እሱም ራሱ አልወጣም። ማንም ተታለልኩ አይልም። እኔ ግን ይህን አመሌን ከልብሴ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አረብ አገር ድረስ ይዤው ሄድኩ። እዚያ የሆነውን ነው ዛሬ የማወራላችሁ። ስናገረው ፊቴ ይግላል፣ ቢሆንም ልናገረው።

የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። እኔ እንዳልታወቅ ብዬ ብቻ አይደለም። ይህ ታሪክ ጆሯቸው እንዲደርስ የማልፈልግ አንዲት እናት ስላሉ ነው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት የካ፣ ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ከሙሂዲን ጋር አብሮ አደግ ነን፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፣ እሱም መሃሉ ላይ እኛው የቀደድነው መሹለኪያ ነበረው። የእሱ እናት እትዬ ዘይነብ ምሳ ሲያቀርቡ እኔን ሳይቆጥሩ ቀርተው አያውቁም። ሙሂዲን ቀድሞኝ ወጣና የውሃ ቦቴ ሹፌር ሆነ። በዓመቱ ለእኔም ቪዛ ልኮ ወሰደኝ። ኤሲ እጠግን ስለነበር ሥራ ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ እዚያ አገር ኤሲ ከተበላሸ ሰው እንጀራውን ትቶ ነው የሚደውልልህ።

ሳምንቱን ሙሉ ጣራ ላይ ነው የምውለው። ብረቱ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ላቡ ዐይን ውስጥ ይገባል። ዓርብ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ነን። ሙሂዲን አሮጌ ፎር ዊል መኪና ነበረችው፣ ለእኔ ድርጅቱ ፒካፕ ሰጥቶኛል፣ ሦስተኛዋ ገነት ናት። ገነት የደሴ ልጅ ስትሆን በሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። የመጀመሪያ አሠሪዎቿ ሲበድሏት ጥላቸው ስለወጣች ወረቀት አልነበራትም፣ ፖሊስ ከያዛት በቀጥታ እስር ቤት ከዚያም ወደ አገሯ ናት። ሦስታችን ያልሄድንበት የለም። ባሕሩን፣ ተራራውን፣ የቴምር እርሻውን፣ አሸዋውን ሁሉ አዳርሰናል። አሸዋ ላይ ቡታጋዝ ለኩሰን ፍርፍር እንሠራለን፣ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍተን እስክስታ እንወርዳለን፤ እዚያ ማንም ድምፅ ቀንሱ አይልም።

ሙሂዲን ለአሸዋ ሕግ ነበረው። አንድ መኪና ብቻዋን አሸዋ አትገባም፣ ሁሌም ሁለት መሆን አለብን፤ አንዷ ብትቀበር ሌላዋ እንድትጎትታት። የሥራ ድርሻም ነበረን። አካፋና ገመድ የእሱ፣ ምግብ የገነት፣ ውሃና በረዶ የእኔ። በማረፈዴ ስንቴ እንደተበሳጨ እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ፣ «ሚኪ፣ ከተማ ውስጥ የፈለግከውን ያህል ዋሸኝ። አሸዋ ላይ ከሆንኩ ግን የት እንዳለህ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። ማርያምን ብዬ ማልኩለት። የምሬን ነበር።

ቀኑ ሐምሌ ውስጥ የዋለ ዓርብ ነው። በዚያ ሰሞን ሙቀቱ ሌላ ነው፤ እንደ ልማዳችን ጎህ ሲቀድ ገብተን እስከ አራት ሰዓት ልንወጣ ተስማማን። መገናኛችን አስፋልቱ የሚያልቅበት የመጨረሻው ማደያ ነበር፣ ከቤቴ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚያ መገኘት አለብኝ። እኔ ማታውን ኳስ ሳይ አምሽቼ ተኝቻለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሙሂዲን ነው። የት ደረስክ አለኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ልደርስ ነው» አልኩት። ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ። ክፍሉ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ኤሲውን የጠገንኩት ራሴ ነኝ።

«እንግዲያው እኛ ቀስ እያልን እንግባ» አለ። «ፀሐይ ሳትበረታ አሸዋው ጠንከር ይላል። የጎማችንን ዱካ እያየህ ትከተለናለህ።»

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። «ተኝቻለሁ» ብለው ይሰድበኛል፣ ማደያው ውስጥ ሻይ እየጠጡ ይጠብቁኛል፣ ወይም ጉዞውን ይሰርዙታል። ስድቡን ፈራሁ መሰለኝ። «እሺ ግቡ፣ ከኋላችሁ ነኝ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አሸለብኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ይቆራረጣል፤ ኔትወርክ ያገኘው የአሸዋው ጉብታ ጫፍ ላይ ወጥቶ ነበር። መኪናዋ እስከ ሆዷ ተቀብራለች፣ ሲቆፍሩ አንድ ሰዓት ሆኗቸዋል፣ ብቻዋን አትወጣም። የት ነህ አለኝ።

እኔ ያን ሰዓት ምን እያደረግኩ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ገዝቻለሁ፣ አሸዋው ላይ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ ለአገር ቤት ሰዎች ልለጥፍ ነው። ካውያውን አንገትጌው ላይ እንደያዝኩ፣ «አሸዋው ውስጥ ገብቻለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ» አልኩት።

«ሃያ ደቂቃ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ዘጋ።

በሆዴ ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። ሙሂዲን ጎበዝ ነው፣ እኔ እስክደርስ ያወጣታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ከዚህ በፊትም ተቀብረው ራሳቸው አውጥተዋታል። ውሃው እኔ ጋ እንዳለ ሳላስታውስ ቀርቼ አይደለም፣ አስታውሼ ነበር። ገነት ሁሌ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሁለት ጠርሙስ አታጣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። በረዶ ልገዛ ቆምኩ፣ እግረ መንገዴን ቁርስ በላሁ። አራት ሰዓት ላይ ገና አውራ መንገዱ ላይ ሳለሁ ሙሂዲን ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። አሁን አልተቆጣም፣ ይህ ነው የሚገርመኝ። ምላሱ ከብዶታል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። ጥሩንባ ንፋልን እንስማህ አለኝ። እኔ ደግሞ አስፋልት ላይ ሆኜ ጥሩንባዬን ነፋሁ። «ሰማህ?» አልኩት። «አልሰማሁም» አለ። «ነፋሱ ይሆናል፣ ዱካችሁን ይዣለሁ፣ መጣሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ ማደያውን አልፌ አሸዋው ጋ ስደርስ ነው። ዱካ የሚባል ነገር የለም። ነፋሱ ጠራርጎ ወስዶታል። ብቻዬን ገባሁ። አንዱን ጉብታ ወጥቼ ስወርድ ሌላ ጉብታ፣ ያንን ስወጣ ሌላ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ጥሩንባዬን እየነፋሁ ሁለት ሰዓት ያህል ዞርኩ። ከኋላ የተጫነው ውሃ ጀሪካኑ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። በዚያን ዕለት የቀላሁት በፀሐይ አልነበረም። መንገዱ ጭርሱን ሲጠፋብኝ የራሴን ዱካ ይዤ ወደ አስፋልቱ ተመለስኩ።

አስፋልቱ ዳር አንድ ግመል የጫነ ፒካፕ ቆሞ አገኘሁ። ሾፌሩ ጺማቸው የነጣ የአገሬው ሰው ናቸው። ወርጄ ሮጥኩና በተሰባበረ ዐረብኛዬ፣ ሁለት ሐበሾች፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ መኪና ተቀብሮባቸው አይተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ።

«ሃያ ደቂቃ ቀረው የተባልከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አግኝተዋቸዋል፣ ግመል የጫነች መኪናቸው ልትጎትታቸው ስለማትችል ግቡና አስፋልት ላድርሳችሁ ብለዋቸዋል። ወንድየው እምቢ አለ። ጓደኛዬ ውሃ ይዞ እየመጣ ነው፣ ደርሷል፣ ዱካችንን ተከትሎ ሲመጣ ቢያጣን ይሸበራል ብሏቸዋል። እርግጠኛ ነህ ሲሉት ምን እንዳለ ነገሩኝ።

«‹ወንድሜ ነው፣ አሸዋ ላይ አይዋሸኝም› አለኝ። እኔም የያዝኳትን ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ሰጥቼው ሄድኩ።»

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁኝም፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው በእጃቸው ተከተለኝ አሉኝ። ግመሏን እንደጫኑ ከፊት ከፊቴ ነዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከተልኳቸው።

መኪናዋን ሳይ መጀመሪያ ሰው ያለባት አልመሰለኝም። ገነት ከመኪናዋ ሥር በጎን ቆፍራ ጥላው ውስጥ ገብታለች። ሙሂዲን አጠገቧ ተዘርግቷል። ላብ የለውም፣ ይህን አልረሳውም፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ዐይኑ ተከፍቶ ያየኛል ግን አያውቀኝም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የሞተበትን አባቱን ይጠራል። ገነት፣ «የሽማግሌውን ውሃ ሁሉ እኔን ነው ያጠጣኝ፣ እሱ ከንፈሩን ብቻ አርሶ ይቆፍር ነበር» አለችኝ። ሽማግሌው የእኔን ጀሪካን ከፍተው ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰሱበት። በረዶውን በሻሽ ጠቅልለው ብብቱ ውስጥ አስገቡት። እኔ ልረዳቸው ስል ገፋ አደረጉኝ።

ወደ መኪናዬ ከጫንነው በኋላ ሽማግሌው ወደኔ ዞር ብለው እስካሁን የት ነበርክ አሉኝ። ገነትም አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ፊቷ ተሰነጣጥቋል።

«ጎማ ፈነዳብኝ» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሽማግሌው ቀስ ብለው መኪናዬን ዞሩ። አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አዩ። ከኋላ የታሰረችውን ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታዋንም አዩ። ስኮርታዋ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ መሬት ነክታ አታውቅም፣ የተለጠፈባት ወረቀት እንኳ አልተነሳም። ከዚያ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ሂድ፣ ንዳ» ብቻ አሉኝ።

መንገድ ላይ ገነት የሙሂዲንን ራስ ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ፣ «ጎማህ መፈንዳቱን ብትነግረን እኮ ከሽማግሌው ጋር እንሄድ ነበር» አለች። በቁጣ አልነበረም። እንዳላስጨንቃችሁ ብዬ ነው አልኳት። «አይ ሚኪ፣ አንተም ተጨንቀህ ነው» ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ፖሊስ ስላለ እሷ ቀደም ብላ ወረደች።

ሙሂዲን አልሞተም። ሦስት ሳምንት ተኛ። ሙቀቱ ኩላሊቱን ጎድቶታል፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳኝ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ከዚህ በኋላ ፀሐይ ላይ መሥራት አይችልም ተባለ። ሥራው ፀሐይ ላይ ነው፣ ስለዚህ ወደ አገሩ ላኩት። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር የገፋሁት እኔ ነኝ። ሊሰናበተኝ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ከወንድም በላይ ነህ አለኝ። እኔም አለቀስኩ። እንባው እውነተኛ ነበር፣ ያለቀስኩበት ምክንያት ግን እሱ የመሰለው አልነበረም።

በዓመቱ እኔም ጠቅልዬ ገባሁ። ቀበና ለመጠየቅ ስሄድ እትዬ ዘይነብ በር ላይ ጠበቁኝ። አቅፈው ከሳሙኝ በኋላ ጎንበስ ሲሉ ምን ወደቀባቸው ብዬ አየሁ። ለካ ጉልበቴን ሊስሙ ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት እኮ ናቸው፣ ስንት ጊዜ አፍንጫዬን የጠረጉልኝ። አንስቼ ይዣቸው «ኧረ እትዬ፣ በማርያም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እጠራለሁ። የሚያስቀምጡኝ ከላይ፣ የሙሂዲን አጎት አጠገብ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ይነገራል። ልጄን ከበረሃ ያወጣልኝ ይህ ነው ይላሉ። ጎማው እንዴት እንደፈነዳ ንገራቸው እባልና እናገራለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እዚህ ላይ ነው፤ እያደር ጎማው ዝርዝር እያወጣ መጣ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ጎማ ነበር። በሁለተኛው ኢድ የኋላ የቀኙ ሆነ። በሦስተኛው ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ሰምጦብኝ በእጄ እንዴት እንደቆፈርኩ አወራሁ። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ሙሂዲን ግድግዳውን ተደግፎ ጨው የሌለው ምግቡን እየበላ ፈገግ ይላል።

እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሄደ። እኔ አግብቼ አያት ኮንዶሚኒየም ገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። ሙሂዲን የእናቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ሐኪሙ በእግርህ ሂድ፣ ግን አትጣደፍ ስላለው እሁድ እሁድ ጠዋት አብረን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። እሱ በየሃያ እርምጃው ይቆማል። እኔ ጫማዬን እንደማጠብቅ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ እሁድ ባሕር ዛፉ መሃል ቆመን ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ «ሚኪ፣ ልነግርህ የምፈራው ነገር አለ» አለኝ። ሕመሙ ባሰ ብዬ ደነገጥኩ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

«ያን ቀን ሽማግሌውን የመለስኩት እኔ ነኝ። ገነት እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር። እሷ እዚያ ሞታ ቢሆን ኖሮ በእኔ ነበር። ይህ አንድ ነው።» ትንሽ አረፈ። «ሌላው ደግሞ አንተን ነው። መጨረሻ ላይ፣ ራሴን ከመሳቴ በፊት፣ ለገነት ሚኪ ዋሽቶናል፣ ይሄኔ ገና ከቤቱ አልወጣም አልኳት። ረገምኩህ። በእናቴ ስም ነው የረገምኩህ። አንተ ለካ ጎማ ቀይረህ በረሃውን ስታስስልኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ፊትህን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። አፉ በለኝ።»

እኔን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። እውነቱን ስለጠረጠረ።

«አፉ ብዬሃለሁ» ብዬ ላልፈው እችል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሱ ቀለል ብሎት፣ እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ታች ወርደን ማኪያቶ እንጠጣ ነበር። ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ ያ ቢጫ ያለ ዐይኑን አየሁትና አልቻልኩም።

«ጎማ አልፈነዳም» አልኩት።

አልገባውም።

«ጎማ አልፈነዳም፣ ሙሄ። መጀመሪያ ስትደውል አልጋዬ ላይ ነበርኩ።»

እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ከላይ ወርደው መንገድ ልቀቁልን አሉን። ሙሂዲን ጠጋ ብሎ አሳለፋቸው፣ አይዟችሁም አላቸው። ሲያልፉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለተኛ ስደውልስ? ሃያ ደቂቃ ያልከኝ ጊዜ?»

«ቤት ነበርኩ። ሸሚዝ እየተኮስኩ።»

«ሸሚዝ» አለ።

«ለፎቶ ነው።»

«ጥሩንባውስ?»

«አስፋልት ላይ ሆኜ ነው የነፋሁት።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም፣ አልጮኸም። አንድ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ተከተልኩት፣ ስሙን ጠራሁት፣ ሳይዞር በእጁ እዚያው ቁም አለኝ። አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ግን ራሱ ቆመ።

«እናቴ እንዳትሰማ» አለ።

እንዳልዋረድ አስቦልኝ መስሎኝ አመሰግናለሁ ልለው ነበር።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አለኝ። «እሷ በየሶላቱ ስምህን ትጠራለች። ልጄ ሰው አለው ብላ ነው የምትተኛው። እሱን አትውሰድባት። በዓል ሲደርስ እንደ ድሮህ ትመጣለህ፣ ጎማህንም ታወራለህ።»

ይህን ብሎ ወረደ። ፈረንሳይ ድረስ ብቻውን ነው የሄደው። እኔ ከሩቅ እያየሁ፣ በየሃያ እርምጃው ሲቆም እየቆምኩ፣ ታክሲ ውስጥ እስኪገባ ተከተልኩት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው አታርፍዱ ልላችሁ አይደለም። ማርፈድስ ሁላችንም እናረፍዳለን። እኔ አሁን ደንበኛ ደውሎ ስንት ደቂቃ ሲለኝ አሥራ አምስት ከሆነ አሥራ አምስት ነው የምለው፤ ግማሹ ይሰርዝብኛል፣ ይሰርዝ። ይህ ትልቅ ነገር አይደለም። የሚያንገበግበኝ አልጋውም ሸሚዙም አይደለም። አልጋው ስንፍና ነው፣ ሸሚዙ ጉራ ነው፣ ሁለቱንም ሰው ይቅር ሊለው ይችላል። ጎማው ነው። ጎማው የሰው እናት ምስጋና ሦስት ዓመት አስበልቶኛል፤ ጓደኛዬ የኔን ጥፋት ተሸክሞ አቀበት ሲወጣ ዝም ብዬ አየሁት። እውነቱን ያኔውኑ፣ መኪና ውስጥ ለገነት ብናገር ኖሮ ሙሂዲን ይቀየመኝ ነበር። ግን በራሱ አይፈርድም ነበር። እናንተም እንዲህ ዓይነት ጎማ ካላችሁ ክሪክና ቀኝና ግራ ሳይበጅለት በፊት አውጡት። እኔ ዘግይቻለሁ፣ እንደ አመሌ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ሙሂዲን በስልክ አያናግረኝም። ሱቁ በራፍ ሳልፍ ሰላም ስለው አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። ኢድ ሲደርስ ግን እትዬ ዘይነብ ራሳቸው ደወሉ፣ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና አሉኝ። ሄድኩ። ትመጣለህ ብሎኛልና አለመሄድ አልችልም። ሙሂዲን በር ከፍቶ ሚስቴን ሳመ፣ ልጄን ሳመ፣ ለእኔ እጁን ሰጠኝ። ከአጎትየው ጎን ከላይ ተቀመጥኩ። አዲስ የመጡ ዘመዶች ስለነበሩ ታሪኩ ተነሳ፣ ጎማውን ንገራቸው ተባልኩ፣ ተናገርኩ። በአጭሩ ነው የተናገርኩት። ሙሂዲን ሳህኑን እያየ ሰማኝ።

ምግቡ ሲነሳ እትዬ ዘይነብ የሁለት ዓመቷን ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ለሞቱት ለመኑ፣ ለታመሙት ለመኑ፣ ለአገር ለመኑ። ከዚያ የልጄን ራስ እየዳበሱ ወደኔ አዩና፣ «ለዚህችም ልጅ አላህ እንደ አባቷ ያለ ጓደኛ ይስጣት» አሉ።

ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። የእኔ አፍ አልከፈት አለኝ። ሙሂዲን ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጠው፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐይን ዐይኔን አየኝ።

«አሚን በል እንጂ» አለኝ።